«የሚፈርሰው ቤት ጋ ወራጅ»

ከሚሴ ውስጥ ባጃጅ ተሳፍሮ «የሚፈርሰው ቤት ጋ ወራጅ» ያለ ሰው ሌላ ምልክት መናገር አያስፈልገውም ነበር። ሾፌሩ ከአስፋልቱ ወደ ገበያው ታጥፎ ዘሊካ በር ላይ ያወርደዋል። ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ «ዛሬ ነገ ይፈርሳል» ሲባል የኖረ ቤት ነው። ሱቅ ተከፈተ፣ ሱቅ ተዘጋ፤ ባንክ መጣ፣ ፎቅ ቆመ። ሰው ግን አቅጣጫ የሚጠቁመው በሚፈርሰው ቤት ነበር።

እኔ አብዶ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ የምትቀመጠው ዘሊካ በረንዳ ላይ ስለነበር የምነግራችሁን ከማንም አልሰማሁትም፤ ከመኪናዬ ቀና እያልኩ ያየሁት ነው። ቀና ባልኩ ቁጥር አንድ የማላውቀው ሰው ሜትር ዘርግቶ ግድግዳችንን ይለካል። እኔ ጨርቅ የምቆርጠው ከለካሁ በኋላ ነው፤ እነሱ መጀመሪያ ይቆርጡና ከዚያ ዕድሜ ልካቸውን ይለካሉ። ይህን ስል ንዴቴ ይታወቅብኝ ይሆናል። ይታወቅ።

ዘሊካ ባሏ የሞተባት ልጇ ከውሰር ገና ጡት ሳትጥል ነው። ከዚያ ወዲህ የፊተኛውን ክፍል ምግብ ቤት አደረገችው፤ ጠዋት ገንፎ፣ ቀን ሽሮ፣ ከተገኘ እርጎ። ደንበኞቿ በደሴ መንገድ የሚያልፉ መንገደኞችና ከጨፋ ሮቢት እህል ጭነው የሚመጡ ገበሬዎች ናቸው። አንድ አመል አለባት፤ በሯ ላይ የቆመ ሰው ሳይቀምስ አይሄድም፣ የምትወደውም ይሁን የማትወደው። አንድ ጊዜ ዶሮዋን ሲሰርቅ የተያዘ ሰው ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ አስቀምጣ ገንፎ አበላችው። «ርቦት እኮ ነው የሰረቀ» አለችን። ሰውዬውም ሲጠግብ ዱአ አድርጎላት ከፖሊሱ ጋር ሄደ።

በእኛ አገር የበላ ሰው ዝም ብሎ አይነሳም። እጅ ይዘረጋል፣ ከመካከል ትልቁ ያበላቸውን ቤት ይመርቃል፣ የቀረው አሚን ይላል፣ ከዚያ ፊት ተዳብሶ ይወጣል። ይህን ማንም ቁም ነገር ብሎ አይነግራችሁም፤ እጅ እንደ መታጠብ ያለ ነገር ነው።

ከሚሴ የዞን ከተማ ሆና ቢሮዎች ሲበዙ፣ 1988 ላይ መሰለኝ፣ ከሩቅ አገር የፕላን ሰዎች መጡ። ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ዘሊካ ጓሮ ውስጥ ተከሉ። ሰፊ መንገድ በምድጃዋ ላይ አልፎ ወደ ቦርከና ወንዝ ይወርዳል ተባለ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሌሎች የፕላን ሰዎች መጥተው በፊተኞቹ ሳቁ፤ መንገድ ሳይሆን አደባባይ ነው አሉ፤ የአደባባዩ መሃል ምድጃዋ ላይ አረፈ። ሦስተኞቹ መጥተው በሁለቱም ሳቁ፤ አረንጓዴ ቦታ ነው አሉ። አራተኞቹ መናኸሪያ አሉ። የቀድሞውን ችካል የነቀለ ስላልነበረ ጓሮው በቀይ፣ በቢጫና በሰማያዊ ችካል ተሞላ፤ የገበያ ቀን ፍየል ይታሰርበታል። ፕላኑ እንዲህ ሲለዋወጥ፣ ሳይለወጥ የኖረው የዘሊካ ቤት መፍረስ ብቻ ነው።

ፕላን ውስጥ የገባ ቤት ደግሞ አይታደስም። ለሚፈርስ ቤት ጭቃ ማባከን ክልክል ነው ተባልን። ዘሊካ ቁርአኗን የምትሰቅልበት ምስማር ስትመታ ድምፁን የሰማ ደንብ አስከባሪ ገብቶ «ግንባታ ነው?» ብሎ ጠየቃት። በዚህ መሃል የኋላው ግድግዳ ወደ ውስጥ ማጋደል ጀመረ። ግንድ አምጥተን ደገፍነው። ግንዱ ጥገና ነው ወይስ ድጋፍ በሚለው ላይ የፕላን ቢሮው ስብሰባ ተቀመጠ፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሲሉ ከዋሉ በኋላ፣ ምስማር እስካልተመታበት ድረስ ድጋፍ ነው ተብሎ ተወሰነ። በአገራችን በስብሰባ የጸደቀ ግንድ ያለው ሰው ከዘሊካ ሌላ አላውቅም።

አፍራሾቹ መጀመሪያ የመጡት በአደባባዩ ዘመን ነው። አለቃቸው እንድሪስ ይባላል፤ ጢሙን ሂና የሚቀባ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ቀጭን ሽማግሌ። ዶማና ዲጂኖ ተሸክመው በጠዋት በሩ ላይ ቆሙ። ዘሊካ ወጣች።

«አካም ቡልተን? ደኅና አደራችሁ?»

«አልሐምዱሊላህ። እቴ ዘሊካ፣ ቤትሽን ልናፈርስ ነው የመጣን» አለ እንድሪስ፣ መሬት መሬት እያየ።

«አውቃለሁ፤ ነግረውኛል። ቁርስ ቀምሳችኋል?»

እርስ በርስ ተያዩ። አልቀመሱም።

«በባዶ ሆድ እንዴት ዶማ ይነሣል? ኮታ፣ ኛዳ፤ ኑ ብሉ» ብላ አስገባቻቸው። ዕቃ አውጥታ የጨረሰች ሴት ናት፤ ገንፎውን ያቀረበችላቸው ሊሰበር በተቃረበ ሳህን፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ነው። በሉ። ጠገቡ። እንድሪስ ሳያስበው እጁን ዘረጋ፤ «ያ ረቢ፣ ያበላችንን እጅ አትንሳን፣ ይህችን ቤት አቁማት፣ ክፉ አያግኛት» አለ። ሰዎቹ «አሚን» አሉ። እኔም ከበረንዳዬ «አሚን» አልኩ።

ወጡና መሣሪያቸውን አነሡ። እንድሪስ ዶማውን ከፍ አድርጎ፣ አየር ላይ ይዞት ትንሽ ቆየ። ከዚያ መልሶ አስቀመጠው።

«እኔ አሁን አቁማት ብዬ አሁን አላፈርሳትም» አለ። «አላህስ ምን ይለኛል? የበላሁበትን ወጪት ሰባሪ አታድርጉኝ።»

ሌላው ሠራተኛ ያፍርሳት እንዳይባል ሁሉም አሚን ብሏል። ለቢሮው ቤቱ ዱአ ተደርጎበታል ብለው ነግረው ሄዱ። ዘሊካ ያን ቀን ደስታዋን አልቻለችውም፤ ለእኔ ሻይ በነጻ አጠጣችኝ።

ደስታው ግን አልዘለቀም። ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ግድግዳው ግንዱን እየገፋ፣ ግንዱም ወለሉን እየቆፈረ ሄደ። ከግድግዳው ሥር ያለው የከውሰር አልጋ ነው፤ ክፍሉ ሁለት ብቻ ስለሆነ ሌላ የሚቀመጥበት የለም። ዘሊካ ቢሮ ሄዳ ልጠግን ብትል «ፕላን ውስጥ ነሽ» አሏት። ምትክ ቦታ ስጡኝና ልውጣ ብትል «ቤቱ ሳይፈርስ ምትክ የለም» አሏት። እንግዲያው ራሴ ላፍርሰው ስትል «ባለቤቱ ራሱ ካፈረሰ በፈቃዱ ለቀቀ ይባላል፤ ምትክ አያገኝም» አሏት። ተመልሳ መጥታ በረንዳዬ ላይ ቁጭ አለች።

«አብዶ፣ የሚያፈርስልኝ ሰው እንዴት ላገኝ ነው?» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳቧ አንድ ብቻ ሆነ፤ ግድግዳው ልጇ ላይ ሳይወድቅ ቤቱ በሕግ ይፍረስላትና በተሰጣት ባዶ መሬት ላይ ቀጥ ያለ ግድግዳ ታቁም። የሚያስቀው፣ ቢሮውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ባለቤትም መንግሥትም እንዲፈርስ ተስማምተው ያልፈረሰ ቤት ነው እንግዲህ።

1999 ላይ ጀሚል የሚባል መሐንዲስ ቢሮው ገባ። የዞናችን ልጅ ነው፤ ተምሮ መጣ፣ ሸሚዙን ሁለት ጊዜ ሰፍቼለታለሁ፤ ቅን ነው። የዘሊካን ጉዳይ አንብቦ ራሱ መጣ።

«ችግሩ ምግቡ ነው፣ እናቴ» አላት። «ካልበሉ ዱአ የለም፤ ዱአ ከሌለ ይፈርሳል። ስለዚህ በረመዳን እናፍርሰው።»

ዘሊካ ግንባሩን ሳመችው። ከዚህ በላይ ብልሃት አልሰማንም ነበር።

በረመዳን አፍራሾቹ በጠዋት መጡ። ዘሊካ ዕቃዋን አውጥታ፣ እጇን አጣጥፋ፣ ለማንም ምንም ሳትሰጥ በኩራት ቆመች። ግን የቆላ ፀሐይ ነው፤ ሰዎቹም ፆመኛ ናቸው። «እስኪበርድ ጥላ ሥር እንቆይ» ተባለ። ከሰዓት በኋላ አሱር ሲሰገድ ገና ሙቀቱ አልበረደም። ከዚያ ዲጂኖ የያዘው ሰውዬ ራሱን አዞረው፤ እሱን ስናናፍስ ጊዜው ሄደ። ጀሚል ሰዓቱን እያየ ይንቆራጠጣል። ከጣሪያው ላይ አንዲት ቆርቆሮ ሳትነሣ ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን አለ።

ፆመኛ በደጅሽ ተቀምጦ ምን ታደርጊያለሽ? ዘሊካ ወደ እኔ አየች፤ እኔ ወደ መሬት አየሁ። «አላህ ይይላችሁ» እያለች ቴምሩን አመጣች፣ ሾርባውን አመጣች፣ ሳምቡሳው ከየት እንደመጣ አላውቅም። ስትሰጣቸው በንዴት እያለቀሰች ነው። ጨርሰው እንድሪስ እጁን ዘረጋ። የፆመኛ ዱአ ደግሞ አይመለስም። ጀሚል ራሱ ሾርባውን ጠጥቶ ነበርና ጮክ ብሎ አሚን አለ፤ ያለውም ምን እንደሆነ ሲገባው ፊቱ ልክ እንደ ጨው ነጣ።

ቢሮው ከኮምቦልቻ ሠራተኛ አስመጣ። እነሱ ደግሞ የቤቱን ወሬ መንገድ ላይ ሰምተው፣ ጫማቸውን አውልቀው ገቡና ግንዱን በእጃቸው ዳብሰው ወጡ። አንዱ ለታመመች እህቱ ከግድግዳው ላይ ትንሽ አፈር ወሰደ። ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ግድግዳ ዳባሽ በረከተ። ዘሊካ ትከለክላቸዋለች እንዳይባል በር ላይ የቆመን ሰው ማስቀመጥ ልማዷ ነው፤ ገንፎ ታበላቸዋለች፣ ይመርቁላታል። ግድግዳው በምርቃት ጸና ብዬ አላወራም፤ በየሳምንቱ ወደ ከውሰር አልጋ ሲጠጋ በዓይኔ አየዋለሁ።

በመጨረሻ ዘሊካ ብልሃት አገኘች። «እኔ ኸሌለሁ የሚያበላ የለም» አለች። አፍራሾቹ በሚመጡበት ሰኞ ምድጃዋን አጥፍታ፣ ከውሰርን ይዛ፣ ባቲ እህቷ ዘንድ ሄደች። ቁልፉን ለእኔ ሰጠችኝ፤ «አብዶ፣ ውሃ እንዳታጠጣቸው፣ ወላሂ» ብላ አስማለችኝ።

እኔ ውሃ አላጠጣሁም። ቃሌን ጠብቄ መኪናዬን ረገጥኩ። ግን እንድሪስና ሰዎቹ በተዘጋ በር ፊት ቆመው ሲታዩ ሰፈሩ አላስቻለውም። «ሰው ዘሊካ ደጅ መጥቶ፣ እሷ የለችም ተብሎ በባዶው ይመለስ? ነገ ስትመጣ ምን እንላታለን?» አለች ማዶ ያለችው ነኢማ፤ እንጀራ በሽሮ ይዛ መጣች። ያ ጎረቤት ገንፎ፣ ያኛው ወተት። ዘሊካ ብቻዋን ከምታቀርበው ሦስት እጥፍ ሆነ። በሉ። እንድሪስ ዱአ ሲያደርግ ቤቷን ብቻ ሳይሆን መንደሩን በሙሉ አቁም ብሎ ለመነ። በዚያች ቀን በከተማችን አንድም ቤት የሚፈርስ አይመስለኝም ነበር።

ዘሊካ ከባቲ ስትመለስ ቤቱ ቆሟል። ከሚኒባሱ ወርዳ፣ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ፣ መንገድ መሃል ቆማ ትስቅ ጀመር። ስትስቅ ሰው ተሰበሰበ። ሳቋ ሲያልቅ «ልጄን ልትገድሉብኝ ነው» አለች።

በ2005 ክረምት ዝናቡ በረታ። አንድ ቀን ከውሰር ጎሕ ሲቀድ ለሱብሒ ሶላት ተነሥታ፣ ጓሮ ላይ ውዱ ስታደርግ፣ እጅ እግሯን ስትታጠብ፣ ግንዱ ተንሸራተተና የግድግዳው የላይኛው ግማሽ አልጋዋ ላይ ወረደ። የአልጋው ብረት ጎብጦ ወለሉን ነካ። ልጅቷ በጓሮ በር ቆማ፣ ማሰሮው በእጇ እንዳለ፣ የተኛችበትን ቦታ ታያለች። ዘሊካ አላለቀሰችም። ቀትር ሲቃረብ ፊቷን ታጠበች፣ ነጠላዋን ለበሰችና «አብዶ፣ ተነሥ፤ እንድሪስ ቤት ውሰደኝ» አለችኝ።

እንድሪስ ቤት ስንደርስ ምሳ እየቀረበ ነበር። ሚስቱ ኡምኩልሱም ዘሊካን ስታይ ደነገጠች፤ ባሏ ስንት ጊዜ በልቶባት እሷ አንድ ቀን እንኳ ያልቀመሰችላቸው ሴት ናት። ካለው ሁሉ አቀረቡልን። ዘሊካ ስለ ግድግዳው አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ቀስ ብላ በላች፣ «ገለቶማ» ብላ አመሰገነች፣ ወተቱን ጠጣች። እንድሪስ ደስ ብሎት «እቴ ዘሊካ፣ የእንግዳ ዱአ ይደርሳል፤ እስቲ አንቺ መርቂልን» አላት።

እሷም እጇን ዘረጋች።

«ያ ረቢ፣ ይህችን ቤት ሙላት። ልጆቻቸውን አሳድግላቸው። አባ እንድሪስን ደግሞ የጀመሩትን ሥራ የሚጨርሱ ሰው አድርግልኝ። ኸነገ አታሳልፍብኝ።»

ኡምኩልሱም «አሚን» አለች። ልጆቹ «አሚን» አሉ። እንድሪስ በልማዱ አሚኑ ከአፉ ወጥቶ ፊቱን ዳብሶ ሲያበቃ ነው የገባው። እጁ ጢሙ ላይ ቀረ። ሚስቱ ታየዋለች፣ ልጆቹ ያዩታል።

«ማል ጎና?» አለ መጨረሻ ላይ፣ ምን እናድርግ እንደማለት። «ቤትሽ ትቁም ብዬ ለመንኩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ቆመች። አላህ የለመንኩትን ሰጥቶኛል፤ ኸዚህ በላይ ብለምነው ስስት ነው። ነገ በጠዋት እመጣለሁ።»

መጣ። ሰዎቹን ሁሉ ይዞ መጣ፤ ጀሚልም ምትክ ቦታ ይሰጣታል የሚል ደብዳቤ ይዞ መጣ። እንድሪስ ቢስሚላህ ብሎ ዲጂኖውን ከማእዘኑ ሥር አስገባና አንድ ጊዜ ጫን አለው። ያ ሁሉ ፕላንና ስብሰባ ያላፈረሰው ቤት፣ እኔ የክር ጫፍ በመርፌ ቀዳዳ እስካሾልክ ድረስ እንኳ አልቆየም። አቧራው ሲገለጥ ሰማዩ ታየ። ከውሰር አጨበጨበች። እኔ የሃያ ዓመት በረንዳዬ ሄዷል፤ መኪናዬን ታቅፌ መንገድ ላይ ቆሜያለሁ፤ ግን ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም።

ሰዎቹ ላባቸውን ጠርገው መሣሪያቸውን ሰበሰቡ። ያኔ ነው ዘሊካን ያየኋት። ምድጃዋ የነበረበት ቦታ ላይ ቆማ እጇን ታያለች። ምድጃው ጠፍቷል፣ በችኮላ ሳይወጣ የቀረው ድስት ከፍርስራሹ ሥር ነው፣ ዱቄቱ ከጭቃ ተደባልቋል። የምትሰጠው ነገር የለም። እንድሪስ ሁኔታዋ ገብቶት «አብሽሪ፣ ዛሬ አልራበንም» አለና በባዶ አፉ እጁን ለዱአ ዘረጋ።

«አይሆንም» አለችው። «ሳትቀምሱ አሚን አልልም።»

እጁን አጠፈ። ሰዎቹ ተራ በተራ አጠገቧ አልፈው ሄዱ። ቤቷ ሲፈርስ አንድ እንባ ያልወጣት ሴት፣ ሰው ከደጇ ሳይቀምስ ሲሄድ አይታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። «ደጅሽ እኮ የለም» ብዬ ላጽናናት ብሞክር በነጠላዋ ጫፍ መታችኝ።

ጀሚል ቃሉን ጠበቀ። ከከተማው ጫፍ፣ ወደ ጨፋ ሜዳ በኩል፣ ምትክ ቦታዋን በዚያው ሰሞን አስለካላት። ቤቱ የነበረበት ቦታ ላይ እስካሁን የተሠራ ነገር የለም፤ አምስተኞቹ የፕላን ሰዎች መጥተው በአራተኞቹ ሲስቁ ሰምቻለሁ። ባጃጅ የሚሳፈረውም «የፈረሰው ጋ ወራጅ» ማለት ጀምሯል።

አዲሱ ቦታ ሣርና ድንጋይ ብቻ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን በአጥር ይጀምር ነበር፤ ዘሊካ ሦስት ድንጋይ ጎልታ ድስት ጣደች፤ እንድሪስንና ሰዎቹን ጠርታችሁ አምጡልኝ ብላ ላከችብን። መጡና ሜዳው ላይ በክብ ተቀመጡ። ንፋሱ ገንፎው ላይ ሣር እያመጣ ይጥላል፤ እያነሡ በሉ። ከውሰር ለእያንዳንዳቸው እጅ አስታጠበች።

ሲጠግቡ እንድሪስ እጁን ዘረጋ። «ያ ረቢ፣ ይህችን…» ብሎ አቆመ። የሚመርቀውን ለማየት ዞር ዞር አለ፤ ግድግዳ የለም፣ ጣሪያ የለም፣ በር የለም። ድስቱን ይዛ የቆመችውን ሴት አያት።

«ይህችን ሴት አቁማት» አለ።

አሚን አልን። ዘሊካም ድስቱን አስቀምጣ አሚን አለችና «ማነው ያልደረሰው? ገንፎው ገና አላለቀም» አለችን።